ቴሌቪዥን የበላው ሰው

አባቴን ቴሌቪዥን እንደበላው የሰማሁት ጠረጴዛ ስር ተቀምጬ ነው። ከላይ ትልልቆቹ ምስር ይለቅማሉ፣ ከታች እኔ እግራቸውን እያየሁ ማን ማን እንደሆነ እለያለሁ። የኢዲት ተረከዝ ዱቄት አያጣውም፤ የማርሎ ጫማ ፍየል ፍየል ይሸታል። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር።

«ዌንደልንማ ቴሌቪዥን በላው» አለ ማርሎ።

«ቀስ በል፣ ልጅቷ ትሰማሃለች» አለችው ኢዲት።

ልጅቷ ሰምታለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ስለ እሱ የምታውቀው የሚቀበር ነገር መሆኑን ብቻ ነው።

ያደግኩበትን ቦታ «ገላጣው» ነበር የምንለው። በሰሜን ካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ፣ ሰማይ ጠቀስ ቀያይ ዛፎች የከበቡት ሜዳ ነው። ውቅያኖሱ ከዚያ አይታይም፣ ጉሙ ግን በየጠዋቱ ሳይጠራ ይመጣል። የመሠረተው ሆሊስ የሚባል ሰው ነው። መንግሥት ወጣቶችን ባሕር ማዶ ወደ ጦርነት በሚልክበት ዘመን፣ የከተማ ልጆች ጸጉራቸውን እያሳደጉ ከአባቶቻቸው ጋር ሲጣሉ፣ እሱም ጓደኞቹን ይዞ እዚህ ጫካ ገባ። ገና ድንኳን ሳይተክል ጉድጓድ ቆፍሮ ቴሌቪዥኑን ቀበረ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፤ ከገላጣው ሊኖር የመጣ ሁሉ ከአባቱ ቤት ያመጣውን ቴሌቪዥን ድንች ማሳው ውስጥ በዘፈንና በጭፈራ ይቀብራል። «ቀበርን» ግን አይሉም፤ «ተከልን» ነው የሚሉት።

እኔ ደግሞ ይህን ከልቤ አመንኩ። የተተከለ ነገር እንደሚበቅል አውቃለሁና በየፀደዩ እየሄድኩ አይ ነበር። የሚበቅለው ድንች ብቻ ነው፤ ያውም ቴሌቪዥን ባለበት ያለው ድንች ከሌላው ይወፍራል። ማርሎ ሲቆፍር «ዜና ጥሩ ማዳበሪያ ነው» ይላል። እያንዳንዱ ቦታ ባለቤት ነበረው፤ ይኼ የኢዲት፣ ያ የማርሎ። የአባቴ ዳር ላይ፣ ከጎባጣው የፖም ዛፍ ስር ነበር።

አሁን ሳስበው፣ እኔ ከተወለድኩ በኋላ ቴሌቪዥን ተሸክሞ የመጣ ሰው አላየሁም። ያየሁት ሻንጣ ተሸክሞ የሚወጣ ነው። ጦርነቱ አልቋል፣ ጸጉሩን የተቆረጠው ተቆርጧል፣ አንድ የፊልም ተዋናይ ፕሬዚዳንት ሆኗል፣ ከተራራው በላይ ማን የተከለከለ ዕፅ እንደተከለ የሚቃኝ ሄሊኮፕተር መዞር ጀምሯል። የቀሩት አንድ ረጅም ጠረጴዛ የማይሞሉ ሰዎች ነበሩ። ለእኔ ግን ዓለም እነሱው ነበሩ፣ እያለቀ መሆኑንም የነገረኝ የለም። እንዴት ያለ ጥጋብ ነበር፣ ያ አለማወቅ።

ገላጣው ብዙ ሕግ አልነበረውም፤ ሕግ ጠልተው የመጡ ሰዎች ናቸው። ሁለት ብቻ ነበሯቸው። አንደኛው፣ ቴሌቪዥን ያየ ከገላጣው ይወጣል። ሁለተኛው የእጀታው ሕግ ነው። ሆሊስ ከአባቱ ቤት ተጣልቶ ሲወጣ የበሩን የነሐስ እጀታ ነቅሎ ይዞ ነበር የሄደው፤ «እንዳልመለስ ብዬ ነው» ይል ነበር። ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ያ ድቡልቡል እጀታ ከእጅ እጅ ይዞራል። እጀታውን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ዋናው ነገር ደግሞ ይኼ ነው፤ እጀታውን የያዘ ሰው የተናገረው አይታረምም። ውሸት ቢመስልህ፣ ቢያስቅህ፣ ቢያናድድህ፣ ዝም ነው። ሁሉም ከቤቱ «አይደለም፣ ተሳስተሃል» ሲባል ያደገ ስለሆነ፣ ይህን ሕግ እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቁት ነበር። አንድ ጊዜ ማርሎ እጀታውን ይዞ ጨረቃ ላይ ሰው ወጥቶ አያውቅም አለ፤ እስከዛሬ ያረመው የለም።

የእኔ ስም ሶረል ነው፤ ከዛፎቹ ስር ከሚበቅል ጎምዛዛ ቅጠል የተወሰደ። እናቴ ዶሪን ትባላለች፣ አባቴ ዌንደል። እናትና አባትን በስም መጥራት ወግ ነበር፤ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። አንቱ የሚባሉት ከቁልቁለቱ በታች ላም የሚያረቡት ባልቴት፣ ወይዘሮ ፔደርሰን ብቻ ነበሩ። ስሜን መጀመሪያ ሲሰሙ «ላሞቼ የሚተፉት ቅጠል» ብለዋል አሉ።

ዌንደል ጉም ያነብ ነበር። ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ አየሩን ያሸትና «ዛሬ ከምሳ በፊት ይገፋል» ካለ ይገፋል። ድምፁ ወፍራምና የረጋ ነበር፤ «ዝናብ ይመጣል» ሲል ዝናቡ ራሱ የሚመጣው እሱን ላለማሳፈር ይመስለኝ ነበር። ሊያስተኛኝ ሲመጣ ጆሮዬን ሳብ አድርጎ «ዛሬ ምን ሰማች?» ይላል። ጆሮዬም የሰማችውን ትነግረዋለች።

አንድ ክረምት ሥራ ፍለጋ ወደ ወደቡ ከተማ ወረደ። ሲመለስ ጸጉሩ ተቆርጧል። ክብ ተሠርቶ ብዙ ተወራ፤ እኔ እናቴ ጭን ላይ ተኝቼ ስለነበር የማስታውሰው የተላጨ አንገቱን ንጣት ብቻ ነው። ከዚያ ሄደ። ማርሎም በላው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ የከተማው ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወለል እንዲጠርግ ቀጠረው፣ ድምፁን ሰምቶ ደግሞ የአየር ጠባይ ነጋሪ አደረገው። እናቴን አብረን እንሂድ ብሏት ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት፤ ከእሱ ይልቅ ገላጣውን ታምን ነበር። ለገላጣው ብላ ባሏን ተወች፤ ባሏን ለማየት ደግሞ የገላጣውን ሕግ ጣሰች። ይህን ያወቅኩት እኔም ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ያኔ የማውቀው ሐሙስን ነው። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ዶሪን ሹራቧን ደርባ «ወይዘሮ ፔደርሰንን ላሞቹን ላግዛቸው» ትልና ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ፣ ልብሷ ቅቤና ስኳር ይሸታል። ስኳር ገላጣው ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ያ ሽታ የለቅሶ ሽታ መሰለኝ። የገረመኝ ግን እሷ ብቻ አለመሆኗ ነው። ኢዲትም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ትሸታለች። ማርሎ ከፍየሉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎበት ይመጣል። ሆሊስን ሳይቀር አንድ ጠዋት ጢሙ ላይ አሸተትኩበት። እነዚህ ሰዎች ሁሉ እየተደበቁ የሚያለቅሱበት ነገር አለ አልኩ በልቤ፣ ስለ ሁሉም አዘንኩ።

በመከር ወራት አንድ ሐሙስ ተከተልኳት። ፀሐይ ገና ዛፎቹ መሃል ነበረች። ዶሪን በፊት በር ገባች፣ እኔ በበረቱ በኩል ዞሬ የወተት ባልዲ ገልብጬ መስኮቱ ስር ቆምኩ። ወይዘሮ ፔደርሰን ወንበራቸው ላይ ሹራብ ይሠራሉ። አጠገባቸው የቅቤ ብስኩት የሞላ ሰማያዊ ቆርቆሮ አለ። እናቴ መሬት ላይ እግሯን አጥፋ፣ እንደኔ ያለች ልጅ መስላ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ አባቴ አለ።

ትንሽ ሆኗል፤ ቁመቱ ከክንዴ አይበልጥም። የማላውቀው ኮት ለብሶ፣ ክራቫት አንገቱን አንቆት፣ የባሕሩን ዳርቻ ሥዕል በጣቱ ያሳያል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ «ጉሙ እስከ ነገ ረፋድ አይገፋም» ይላል። ደስ ብሎኝ ልጮህ ስል አንድ ነገር አየሁ። ከወገቡ በታች የለም።

ማርሎ እውነቱን ነው። ቴሌቪዥኑ እየበላው ነበር፣ ወገቡ ደርሷል። ይባስ ብሎ ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ብቻ ቀረ፤ ትልቅ ፊት፣ ፈገግ የሚል። ትልልቆች ሲያዝኑ ለልጅ ብለው ፈገግ እንደሚሉ ስለማውቅ፣ ያ ፈገግታ እኛን እንዳያስደነግጠን ብሎ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ እጁን አነሳና ጆሮውን ሳብ አደረገ። እናቴም ጆሮዋን ሳብ አደረገች፣ አለቀሰችም። ወይዘሮ ፔደርሰን ዓይናቸውን ከሹራቡ ሳያነሱ ብስኩቱን አቀበሏት።

በማግስቱ ትልልቆቹ ፍየሎቹን ሊያስግጡ ሲወጡ የድንች መቆፈሪያውን ይዤ ፖሙ ዛፍ ስር ሄድኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ማርሎ እነዚያ ግዙፍ ዛፎች መሬት ውስጥ በሥሮቻቸው ተያይዘው እንደሚቆሙ፣ የአንዱ ሥር የሌላውም እንደሆነ ነግሮኛል። ቴሌቪዥንም የሚተከል ነገር ከሆነ ሥሩ የተያያዘ መሆን አለበት። የወይዘሮ ፔደርሰን ሳጥን ከአባቴ ሳጥን ጋር ይገናኛል ማለት ነው። እግሮቹ እኛ ጋ ናቸው። በእግሩ ጎትቼ አወጣዋለሁ፤ ፈጠን ካልኩ።

አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር። ትሎቹን ወደ ጎን እያልኩ ቆፈርኩ። መጀመሪያ ድንች ወጣ፣ ቀጥሎ የበሰበሰ እንጨት፣ ቀጥሎ መቆፈሪያዬ ጠንካራ ነገር ነክቶ ጮኸ። በእጄ ጠረግኩት፤ መስታወት ነው። በእጅጌዬ ስወለውለው ከውስጥ ሰው ብቅ አለ። ፊቱ ጭቃ፣ ጸጉሩ ጭቃ የሆነ ልጅ። ከልጁ በስተጀርባ ደግሞ ረጅም ጢም ያለው ሰው ቆሟል።

ዞር ስል ሆሊስ ነው። አልተቆጣም። ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄዶ ለክብ የሚጠራውን ብረት መታ።

ሁሉም ከየሥራው መጥቶ ተቀመጠ። እጀታውን መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ከባድ ነበር፣ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ይዤው አላውቅም። ያየሁትን ተናገርኩ። ዌንደል ወይዘሮ ፔደርሰን ቤት ሳጥን ውስጥ እንደታሰረ፣ ወገቡ ድረስ እንደተበላ፣ ዶሪን በየሐሙሱ ልታጽናናው እንደምትሄድ፣ እግሩን ይዘን ብንጎትተው ገና እንደሚወጣ ተናገርኩ። «ሁላችሁም ብትረዱኝ ቶሎ ይወጣል» አልኩ።

የሳቀ የለም። ያረመኝም የለም፤ እጀታው እጄ ላይ ነበርና። ኢዲት መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ እናቴን ታያት ነበር። እኔ ለአባቴ እርዳታ የለመንኩ መስሎኛል፤ እነሱ የሰሙት ዶሪን ሕግ መጣሷን ነው።

እጀታውን ዶሪን ተቀበለችኝ። «ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ» አለች። «የማየው እሱን ብቻ ነው። ውጪ ካላችሁኝ ልጄን ይዤ እወጣለሁ።»

መውጣት የሚለው ቃል ያኔ ገባኝ። ከገላጣው ውጪ የማውቀው ቦታ የለም፤ ከወጣን ደግሞ ዌንደል በሥሩ በኩል ሲወጣ ማን ይቀበለዋል? ማርሎ እጀታውን ወሰደ። ሊፈርድባት መስሎኝ እግሩን ልረግጠው ተዘጋጀሁ። እጀታውን መዳፉ ላይ ሲያንከባልል ቆየና «እኔ ሰኞ ሰኞ ነኝ» አለ።

ኢዲት ቀና አለች። «ምን ሰኞ?»

«ኳስ አለ ሰኞ። ወይዘሮ ፔደርሰን ደግ ናቸው፣ ለማንም አይናገሩም።»

ኢዲት እጀታውን ነጠቀችው ማለት ይቻላል። «ረቡዕ ረቡዕ ነኝ» አለች ወደ መሬት እያየች። «አንድ ተከታታይ ድራማ አለ። ያቺ ነርስ የማንን ልጅ እንዳረገዘች ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

እንዲህ እያለ ዞረ። እያንዳንዱ ቀን ነበረው፣ እያንዳንዱ ብቸኛው ኃጢአተኛ እሱ መስሎት ነበር። ለካስ ባልቴቲቱ ጎረቤቶቻቸውን እንደ ላሞቻቸው በተራ በተራ ሲያስገቡ ኖረዋል። የቅቤው ሽታ ምስጢር ወጣ። ሳቁ ሊፈነዳ አፋፍ ላይ ሳለ እጀታው ሆሊስ ጋ ደረሰ፣ ሁሉም ሳቁን ዋጠ።

ሆሊስ እጀታውን ገና ከአባቱ በር ላይ እንዳለ አድርጎ ጨብጦት ነበር። «ቅዳሜ ጠዋት» አለ በመጨረሻ። «የልጆች የሥዕል ፊልም የሚታይበት ሰዓት። ከገደል የሚወድቅ አለ፣ ፈንጂ የሚፈነዳበት አለ፣ ባቡር የሚጨፈልቀው አለ። ሁሉም ይነሳል። አንድም ሞቶ የሚቀር የለም። እሱን ለማየት ነው የምሄደው።»

የሆሊስ ታናሽ ወንድም ከዚያ ጦርነት አልተመለሰም። ትልልቆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። ስለዚህ እነሱ አንገታቸውን ሲደፉ እኔ ደስ አለኝ። ሆሊስ የሚያህል ሰው መሰከረልኝ እኮ፤ ሳጥኑ ውስጥ የገባ ሁሉ ይነሳል።

ማንም አልወጣም። ከሕጎቹ አንዱ በዚያ ቀን ሞተ፣ ማንም አላለቀሰለትም። በሳምንቱ ሁላችንም በአንድ ላይ ቁልቁለቱን ወርደን ወይዘሮ ፔደርሰንን አንኳኳን። በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አዩን። «ተመስገን» አሉ፣ «ሁላችሁንም ስደብቅ ወገቤ ተቆረጠ። ግቡ፣ ጫማችሁን አራግፉ።» ከዓመታት በኋላ እርጅና ሲጫናቸው ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ቴሌቪዥኑን ይወዱት የነበሩት ባላቸው ነበሩ እንጂ እሳቸው ወደውት አያውቁም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሊጥሉት ሲሉ ማርሎ አፍሮ እያሳለ መጥቶ ኳስ ማየት ይችል እንደሆነ ጠየቃቸው። «እኔ ሳጥኑን አይቼው አላውቅም» አሉኝ፣ «እናንተን ነበር የማየው።»

ክረምቱ ሲገባ ማርሎ በአንዲት ፍየል ቴሌቪዥን ለውጦ መጣ፣ ከወይዘሮ ፔደርሰን በረትም ረጅም የመብራት ገመድ ጎተተ። ትልቁ ክፍል ውስጥ ሲያስቀምጡት አግዳሚዎቹን ማዞር ግድ ሆነ። ክቡ ሰልፍ ሆነ። ድሮ ፊት ለፊት ሲተያዩ የነበሩ ሰዎች አሁን የሚተያዩት ማስታወቂያ ሲመጣ ነው። እጀታውን ሳጥኑ ላይ፣ ከአንቴናው አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ ተናጋሪው ሳጥኑ ብቻ ሆነ፤ የሚያርመው አልነበረም። ገላጣውን ሄሊኮፕተር አላፈረሰውም፣ ፖሊስም አላፈረሰው። እንደ በረዶ በሙቀት፣ በሳቅና በብስኩት ቀለጠ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ክረምት የበለጠ የሞቀ ክረምት አላሳለፍኩም። ማርሎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠኛል፣ ኢዲት ነርሷን ትሳደባለች፣ ሆሊስ ቅዳሜ ጠዋት ጢሙ እስኪርስ ይስቃል።

እኔ ዌንደልን በየማታው ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሩቅ አሳዩት፤ እግር አለው! ጫማም አድርጓል። ተነስቼ እጀታውን ከሳጥኑ ላይ አነሳሁና «እየወጣ ነው» አልኩ። ሁሉም እናቴን አዩ፣ እናቴ ጉልበቷን አየች። እጀታው እጄ ላይ ነበር።

በፀደይ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሥዕሉ ፊት የቆመው ሌላ ሰው ሆነ። ወጣት፣ ጥርሳም፣ ጉም ምን እንደሆነ የማያውቅ። ኢዲት «ውይ» አለችና እናቴን ትከሻዋን ያዘቻት። ማርሎ ሊያጠፋው ተነሳ። እኔ ብቻ ነበርኩ የተደሰትኩት። ሳጥኑ ውስጥ ከሌለ ወጥቷል፤ ከወጣ መንገድ ላይ ነው። እጀታውን ከሳጥኑ ላይ፣ የዌንደልን አሮጌ ካፖርት ከሚስማሩ ላይ አንስቼ ወደ መግቢያው በር ሮጥኩ። ያ የከተማ ኮት ስስ ነበር፣ በጉም ውስጥ ሲመጣ ይበርደዋል።

አባቴ የሄደው ከተራሮቹ ማዶ ወዳለ ትልቅ ከተማ ነው። ሞገዱ እኛ ዘንድ ወደማይደርስ ትልቅ ጣቢያ፣ ከዚያው ጣቢያ ሴት ጋር። እናቴ ወሬውን ከሳምንት በፊት በወይዘሮ ፔደርሰን ስልክ ሰምታ ነበር።

በሩ አጠገብ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ስጠብቅ መጣች። «ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«ዌንደል ወጣ። እየመጣ ነው።»

አፏን ከፈተች። ልትናገር የነበረውን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን አንድ ነገር ልታበላሽብኝ መሆኑ ብቻ ታወቀኝ። እጀታውን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

አፏን ዘጋች። መንገዱን አየች፣ እኔን አየች፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ካፖርቱን ለሁለታችን ጉልበት አለበሰችው። የአባቴ ሽታ፣ የጭስና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ነበረው። ጉሙ ከታች እየወጣ በሩ ድረስ እስኪመጣ ጠበቅን። በማግስቱም ጠበቅን፣ ከዚያም ወዲያ። አንድም ቀን አይመጣም አላለችኝም። መጠበቁን ራሴ ነኝ የተውኩት፤ አንድ ቀን ፍየሏ ወለደችና ረሳሁት። ካደግኩ በኋላ ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ሕጉ ነዋ» አለችኝ፣ ሌላ ምክንያት የሚያስፈልግ ሳይመስላት።

ከገላጣው በመጨረሻ የወጣነው እኔና እሷ ነን። ሆሊስ እህቱ ጋ ሲሄድ እጀታውን ለእናቴ ሰጣት። አባቴንም ካደግኩ በኋላ አገኘሁት፤ ደግ ሽማግሌ ነው፣ ድምፁ አልተለወጠም። ስለ ጆሮው ጠየቅኩት። ጥቂት አሰበና ሳቀ። «እዚያ ጣቢያ ጆሮዬ ውስጥ የሚያስገቡልኝ ማዳመጫ ነበር» አለ፣ «እየወለቀ መከራዬን ያበላኝ ነበር።» ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

አሁን እናቴ ወደቡ ከተማ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ናት። ትዝታዋ ጉም እየዋጠው ነው። ልጅዋ መሆኔን ትረሳለች፤ ዶሪን ብዬ ስጠራት ግን አቤት ትላለች። ሳሎኑ ውስጥ ከነጋ ጀምሮ የተከፈተ ቴሌቪዥን አለ፣ ፊት ለፊቱ ወንበሮች በሰልፍ ተደርድረዋል። የአየር ጠባዩ ሲመጣ፣ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ እጇን አንስታ ጆሮዋን ሳብ ታደርጋለች። የምትንከባከባት አስታማሚ ያማታል ብላ ጆሮዋን በሐኪም አስመርምራታለች።

ባለፈው እሁድ ስሄድ እጀታውን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛዋለች። የየትኛው በር እንደሆነ የምታውቅ አይመስለኝም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ወጣት ሥዕሉን እያሳየች ዝናብ ታወራለች። እናቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ማንም እንዳይሰማት በዝግታ ተናገረች።

«ዛሬ የለም» አለችኝ። «ወጥቷል ማለት ነው። ካፖርቱን ይዘሽለታል?»

አስታማሚዋ በደግነት ጎንበስ ብላ «ዶሪን፣ የኔ እናት፣ እሱ እኮ...» ማለት ጀመረች። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ እውነቱን ይሆናል፣ ወይም ለታመመ ሰው የሚባለውን። እናቴ እጀታውን ከፍ አድርጋ አሳየችን።

አፌን ዘጋሁ። አስታማሚዋንም በዓይኔ ለመንኳት፣ ተወችን። ወንበሮቻችንን ከሰልፉ አውጥቼ መንገዱ ወደሚታይበት መስኮት አዞርኳቸው። ካፖርቴን አወለቅኩና ለሁለታችን ጉልበት አለበስኩት። ከወደቡ በኩል ጉሙ እየወጣ ነበር።

«ይበርደዋል» አለች እናቴ።

«ይዘንለታል» አልኳት፣ እና ጠበቅን።